የወፍጮው ሞተር ለምን ይንተፋተፋል? ለምንስ ይጠፋል?



ፊደል በምናስቆጥርበት መንደር አንድ ማታ ክፍሉ ባዶ ሆነ። ከተመዘገቡት 11 እናቶች የመጡት 2 ብቻ ነበሩ። «ሌሎቹስ የት ቀሩ?» ብዬ ብጠይቅ ከሁለቱ አንዷ፣ «ምን እናድርግ ልጄ፣ ወፍጮው ከቆመ ሳምንቱ! የነገውን እንጀራ ዛሬ ማታ በመጅ የሚፈጭ ማን አለ? ፊደሉ ይቆየናል፣ ልጆቹ ግን አይቆዩንም» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወፍጮ ሲቆም የሚቆመው ዱቄት ብቻ አይደለም። የእናቶች እንቅልፍ ይቀንሳል፣ ጉልበታቸው ያልቃል፣ ትምህርታቸውም ይቋረጣል።

የሚገርመው፣ ሞተሩ ጨርሶ አልሞተም ነበር። ይነሣል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራል፣ ከዚያ ይንተፋተፋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይጠፋል። ጥቂት አርፎ ሲያስነሡት እንደገና ይሠራል። ኮሚቴው ከተማ ወርዶ አንድ መካኒክ ቢጠይቅ «ፖምፓው አልቋል፣ አዲስ ግዙ» ተባለ። መዋጮም ተጀመረ። መካኒኩ ግን ሞተሩን በዓይኑ አላየውም፤ በወሬ ነው የፈረደበት።

የዚያ ሞተር ሕመም ምን እንደ ነበረ ኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን ማንኛውም የወፍጮ ሞተር ሚኒሞ አልይዝ ሲል፣ ማለትም በዝቅተኛ ዙር ተረጋግቶ መሥራት ሲያቅተው፣ ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ እንመልከት። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ዓይን፣ ጆሮና ትዕግሥት ይበቃል።

ሞተሩ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው

መብራት ባልደረሰበት አገር ብዙ ወፍጮ የሚዞረው ባለ አንድ ሲሊንደር በሆነ የናፍጣ ሞተር ነው። ከነዚህ ውስጥ «ሊስተር» የሚባለው የታወቀ ነው። ይህ ዓይነት ሞተር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1929 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ደርስሊ በምትባል ከተማ ይሠራ ነበር፤ አምሳያውም ኋላ በሕንድ አገር በብዛት ተሠርቷል። ከዓይነቶቹ አንዱ ባለ 6 ፈረስ ጉልበት ሲሆን በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል።

የናፍጣ ሞተር አራት ነገር በተራ ያደርጋል። መጀመሪያ አየር ይስባል። ቀጥሎ የሳበውን አየር ከ15 እስከ 20 እጅ ያህል አሳንሶ ያምቀዋል። አየር ሲታመቅ ይግላል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ ሲሞቅ አይቶ ይሆናል። በሞተሩ ውስጥ ግን ሙቀቱ ናፍጣን ያለ ክብሪት እስኪያቀጣጥል ይደርሳል። ሦስተኛ፣ በዚያ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ እንደ ጉም ይረጫል፣ ይቀጣጠላል፣ ፒስቶኑን ይገፋል። አራተኛ፣ ጭሱ ይወጣል።

እንግዲህ ልብ በሉ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። «የወፍጯችሁ ካንዴላ ተበላሽቷል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ፣ ወይ አያውቅም ወይ ያታልላችኋል።

ይህ ሁሉ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይፈጸማል። ስለዚህ በደቂቃ 650 ጊዜ የሚዞር ሞተር 325 ጊዜ ይተኩሳል ማለት ነው። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ተኩስ ሲከሽፍ የሚያግዘው ሌላ ሲሊንደር የለም። እስከሚቀጥለው ተኩስ የሚያሻግረው ቮላኖው፣ ማለት ያ ከባዱ የብረት ተሽከርካሪ ነው። አንድ ሁለቴ ሲከሽፍ ይንገዳገዳል፤ ደጋግሞ ሲከሽፍ ይጠፋል።

ስለዚህ ሞተሩ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ንጹሕ አየር፣ ንጹሕ ናፍጣ በሰዓቱ፣ እና ጥሩ እመቃ። ሞተር ሲንተፋተፍ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል፣ ወይም ደግሞ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ

ሐኪም በሽተኛውን አስቀድሞ «መቼ ጀመረህ?» ይለዋል። እናንተም ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው እንዲሁ ጠይቁ።

ችግሩ የጀመረው መቼ ነው? አዲስ ናፍጣ ከተቀዳ በኋላ ነው? ፊልትሮ፣ ማለት ማጣሪያ፣ ከተለወጠ በኋላ ነው? ከዝናብ በኋላ ነው?

ሲጠፋ ድንገት ቀጥ ይላል ወይስ እየደከመ ነው? እየደከመ ከጠፋ ብዙውን ጊዜ ናፍጣ እያጠረው ነው።

ቀዝቃዛ ሳለ ነው የሚያስቸግረው ወይስ ከጋለ በኋላ? እህል ሲገባበት ነው ወይስ ባዶውንም?

የጭሱስ ቀለም ምንድን ነው?

ቀጥሎ ወፍጮውን ከሞተሩ ለዩ። ሞተሩን አጥፉ፣ ፈጽሞ መቆሙን እዩ፣ ከዚያ ቺንጊያውን አውልቁና ሞተሩን ብቻውን አስነሡት። ብቻውን ሲሆን ደህና ከሠራ፣ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ወፍጮውን መርምሩ። ድንጋዩ ከመጠን በላይ ጠብቋል? እህሉ እርጥብ ነው? ሰው ቸኩሎ አፍስሶበታል? ብቻውን ሆኖም የሚንተፋተፍ ከሆነ ችግሩ ከራሱ ከሞተሩ ነው።

ጭሱን አንብቡት

ደህና የሆነ ሞተር ከሞቀ በኋላ ጭሱ እምብዛም አይታይም። ጭስ ሲበዛ መልእክት አለው።

ጥቁር ጭስ፦ ናፍጣው ከአየሩ በልጧል። ምናልባት የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፣ ወይም ሸክሙ በዝቷል፣ ወይም ናፍጣ መርጫው (ኖዝሉ) እንደ ጉም መርጨት ትቶ ያንጠባጥባል።

ሰማያዊ ጭስ፦ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። ዘይቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ እንደሆነ እዩ፤ ካልሆነ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል።

ነጭ ጭስ፦ ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ከሆነ፣ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ይህ በብርድ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ቢታይ አያስፈራም። ከሞቀ በኋላም ካልለቀቀ ግን እመቃ ደክሟል፣ ወይም ናፍጣው ውኃ ገብቶበታል። ማቀዝቀዣው ውኃ እየጎደለ ነጭ እንፋሎት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በቴስታታው ሥር ያለው ጋስኬት ተቃጥሎ ይሆናል።

ናፍጣውን ከጋኑ እስከ ኖዝሉ ተከተሉት

እየደከመ የሚጠፋ ሞተር ካጋጠማችሁ መንገዱ ይህ ነው። የመስኖ ውኃ ማሳ አልደርስ ሲል ቦዩን ከምንጩ ጀምራችሁ እንደምትከተሉት፣ ናፍጣውንም ከመያዣው ጀምራችሁ ተከተሉት።

አንደኛ፦ የመያዣው ክዳን። በክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች። ናፍጣ በታች ሲወርድ በላይ አየር ካልተተካ ናፍጣው መውረድ ያቆማል። የጀሪካን አፍ በመዳፋችሁ ከድናችሁ በሥሩ ቀዳዳ ብታወጡ ውኃው እንደማይወርድ ያለ ነው። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ክዳኑን ክፈቱት። አየር «ፉሽ» ብሎ ከገባና ሞተሩ ነፍስ ከዘራ፣ በሽታውን አገኛችሁት። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ።

ሁለተኛ፦ ውኃና ቆሻሻ። ከመያዣው ሥር ጥቂት ናፍጣ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድታችሁ አቆዩት። ውኃ ከናፍጣ ይከብዳልና ከታች ይዘቅጣል፤ በዓይን ይለያል። ውኃ ካለ እስኪጠራ ድረስ ከሥር አፍስሱት። ናፍጣ በበርሜል ሲመጣ ሳይነቀነቅ ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ፤ ስትቀዱም እስከ ዝቃጩ አትውረዱ። መያዣውን ማታ ሥራ ሲያልቅ ሙሉት። ባዶ መያዣ ሌሊት ሲበርደው በውስጡ ጠል ያዝላል።

ሦስተኛ፦ ፊልትሮው። ናፍጣ ወደ ፖምፓው የሚገባበትን ቱቦ ፈታችሁ አፉን በዕቃ ላይ አድርጉና የመያዣውን መክፈቻ ክፈቱ። መያዣው ከላይ የተሰቀለ ከሆነ ናፍጣው ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ጠብ ጠብ ካለ ወይ መክፈቻው፣ ወይ ፊልትሮው ተደፍኗል። የወረቀት ፊልትሮ ታጥቦ አይድንም፤ ይለወጥ።

አራተኛ፦ አየር። በናፍጣው መንገድ የአየር አረፋ ከገባ ፖምፓው ናፍጣውን መግፋት ትቶ አረፋውን ሲያሽ ይውላል። ናፍጣ ካለቀ በኋላ ወይም ፊልትሮ ከተለወጠ በኋላ ሁልጊዜ አየሩ መውጣት አለበት። አወጣጡም እንዲህ ነው፦

ሀ) መያዣውን ሙሉ፣ መክፈቻውን ክፈቱ።
ለ) በፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር ማውጫ ቡሎን ጥቂት አላሉ። በአረፋ የተቀላቀለ ናፍጣ ይወጣል። አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ናፍጣ ሲወርድ አጥብቁ።
ሐ) በፖምፓው ላይ ባለችውም እንዲሁ አድርጉ።
መ) ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን የብረት ቱቦ ማሠሪያ ጥቂት አላልታችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ አጥብቁ።

አየሩ ወጥቶ ነገ ተመልሶ ከመጣ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። መያዣው ከሞተሩ በላይ ከሆነ የላላው ቦታ በናፍጣ ርሶ ይታያል። መያዣው ከታች ሆኖ ናፍጣው በመሳቢያ የሚመጣ ከሆነ ግን፣ አየር እየገባ ናፍጣ ላይፈስ ስለሚችል እያንዳንዱን መጋጠሚያ አጥብቁ፣ የተሰነጠቀ ቱቦም ለውጡ።

እዚህ ላይ አደራ! ኖዝል በሚረጭበት አቅጣጫ እጃችሁን ፈጽሞ አታድርጉ። የሚረጨው ናፍጣ ኃይሉ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ቢመስልም እጅ ሊያሳጣ ይችላልና፣ የደረሰበት ሰው «ይሻለኛል» ሳይል ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ።

አየሩን ደግሞ እዩ

የወፍጮ ቤት ሞተር ከሌላ ሞተር የሚለይበት አንድ ችግር አለው፤ ቤቱ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ይቦናል፣ የአየር ፊልትሮውን ይደፍናል። ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጥቁር ያጨሳል፣ ይደክማል። ፊልትሮው በዘይት የሚሠራ ከሆነ ዘይቱን ደፍታችሁ፣ ዕቃውን አጥባችሁ፣ አዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ሙሉ። «ያለ ፊልትሮው ይሻለዋል» ብላችሁ አውልቃችሁ እንዳታሠሩት። አቧራ ከዘይት ጋር ሲገናኝ እንደ ሞረድ ነው፤ ሲሊንደሩን በልቶ ይጨርሰዋል። የጭስ ማውጫውም በጥላሸት ተደፍኖ እንደሆነ እዩ። ጭስ መውጫ ካጣ ንጹሕ አየር መግቢያ ያጣል።

እመቃውን በእጅ ፈትኑ

ናፍጣና አየሩ ደህና ሆኖ ሞተሩ አሁንም ካስቸገረ፣ ሞተሩን አጥፉና ናፍጣውን ዝጉ። ከዚያ ቮላኖውን ቀስ ብላችሁ በእጅ አዙሩ። ደህና ሞተር እመቃው ላይ ሲደርስ እንደ ጠንካራ ሞላ ወደ ኋላ ይመልሳችኋል። ሳይታገል ካለፈ አየሩ እያመለጠ ነው፤ ጆሯችሁን ስጡ። «እስስ» የሚለው ድምፅ ከአየር መግቢያው በኩል ከተሰማ መግቢያው ቫልቭ፣ ከጭስ ማውጫው ከተሰማ መውጫው ቫልቭ፣ ከሞተሩ ሆድ ከተሰማ ፋሻው ነው።

ሲበርድ ደህና ሠርቶ ሲግል የሚጠፋ ሞተር ቫልቩ ከልክ በላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ብረት ሲግል ይረዝማልና ቫልቩ መዝጋት ያቅተዋል። ልኩ በሞተሩ መጽሐፍ ተጽፏል፤ በግምት አይስተካከልም።

ዙሩ ሳያቋርጥ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ደግሞ የዙር መቆጣጠሪያውን እዩ። ዘንጎቹና ሞላው በዱቄትና በዘይት ተላቁጠው ይሆናል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ጥረጉ፣ ዘይት አድርጉ፣ በእጅ ወዲያና ወዲህ ሲሉት እንደማይዝ አረጋግጡ።

ፖምፓና ኖዝል ግን በመንደር አይፈታም። ልካቸው ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ያበላሻቸዋል። ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ችግሩ እነሱ ላይ ከቀረ ወደ ሚያውቅ ሠራተኛ ውሰዱ።

የዚያ ወፍጮ በሽታ

አሁን ወደ ታሪኩ ልመልሳችሁ። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ ዕድሜያቸውን በወፍጮ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው። ከላይ ከጻፍኩት አብዛኛውን የተማርኩት ከሳቸው ነው፤ እኔ የማውቀው የትምህርት ቤቱን ፊዚክስ ብቻ ነበር። ተቀምጠን «ጋሼ፣ መቼ ጀመረ?» አልኳቸው። አሰቡና «ከዚያ ከትልቁ ዝናብ ወዲህ» አሉ። «ያን ቀን ምን አደረጉ?» ስላቸው፣ «ምን አደርጋለሁ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ጊዜ ናፍጣው ውኃ እንዳይገባበት በክዳኑ ሥር ላስቲክ አደረግሁ» አሉና ድንገት ዝም አሉ። ነገሩ ከኔ ቀድሞ ለሳቸው ገባቸው።

ሞተሩን አስነሣን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መንተፋተፍ ሲጀምር ጋሼ ክዳኑን ከፈቱት። «ፉሽ!» አለ። ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ቀጠለ። አርፎ ሲነሣ ይሠራ የነበረውም አየሩ በላስቲኩ ጎን ቀስ እያለ ስለሚገባ ነበር። ከመያዣው ሥር በጠርሙስ ብንቀዳ ደግሞ ከላስቲኩ በፊት የገባ ውኃ አገኘን።

ጋሼ አፍረው ነበር። ሊያፍሩ ግን አይገባም። ናፍጣውን ለማዳን ያደረጉት ነው። የሚያሳፍረውስ ሞተሩን ሳያዩ «ፖምፓ ግዙ» ማለት ነው። የተዋጣው ገንዘብ ለአዲስ ፊልትሮና ለጣሪያው ቆርቆሮ ዋለ። ከ11ዱ እናቶች በሳምንቱ 9ኙ ወደ ክፍል ተመለሱ።

ስለ ጥንቃቄ

ሞተር እየዞረ ማሠሪያ አይፈታም፣ ቺንጊያ አይነካም። በነጠላ፣ በሻሽ ወይም በረጅም ልብስ ወደ ቺንጊያው አትቅረቡ፤ ሕፃናትንም አርቁ። የጋለ የውኃ ማቀዝቀዣ ክዳን አትክፈቱ። የሞተሩ ጭስ በቱቦ ከቤት ውጭ ይውጣ፤ በተዘጋ ቤት የታመቀ ጭስ ሳያስታውቅ ይገድላል። ዱቄት በቦነበት ቤት ኩራዝ አታብሩ፣ ሲጋራ አታጭሱ፤ በአየር ላይ ያለ የዱቄት ብናኝ እሳት ካገኘው እንደ ባሩድ ይነዳል።

ደብተር ያዙለት

በመጨረሻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ለወፍጯችሁ ደብተር ግዙለት። ማንበብና መጻፍ የተማራችሁ ሁሉ ልትይዙት ትችላላችሁ። አምስት መስመር ይበቃል፦ ቀን፣ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ ጠጣ፣ ስንት ዘይት ተጨመረ፣ ምን ተደረገለት።

ለምሳሌ ባለፈው ሳምንት በ5 ሰዓት ሥራ 7 ሊትር የጠጣ ሞተር ዛሬ ያንኑ ያህል እህል ፈጭቶ 9 ሊትር ቢጠጣ፣ ገና ሳይንተፋተፍ ደብተሩ ይነግራችኋል። ዘይት የሚለወጥበትና ፊልትሮ የሚቀየርበት ሰዓትም ከሞተሩ መጽሐፍ ተገልብጦ በደብተሩ የፊት ገጽ ይጻፍ።

በዚያ መንደር ደብተሩን የያዙት ከተመለሱት እናቶች አንዷ ናቸው። በመጀመሪያው ገጽ፣ በ«ምን ተደረገለት» መስመር ላይ፣ ጎበጥ ጎበጥ ባለ ፊደል የጻፉት ይህ ነው፦ «ላስቲኩ ወጣ።»